የማዋለጃ ክፍሉ ያስተማረን

(የመግቢያ ሙዚቃ)

  

የዛሬው ዝግጅታችን በጤና ተቋም ውስጥ ታካሚ ሊከበር ስለሚችልበት አሠራር ነው። ብዙዎቻችን ስለ ርኅራኄ ስናስብ ቶሎ የሚመጣልን የሰው ጠባይ ነው። “እገሌ ሩኅሩኅ ሐኪም ነው፤ እገሊት ግን ቁጡ ናት” እንላለን። ጠባይ ድርሻ አለው፤ አይካድም። ሆኖም በዚህ ሰዓት ማስረዳት የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ርኅራኄ የሕክምናው አካል ነው፤ ስለዚህም እንደ ማንኛውም የሕክምና ሥራ ሊሰለጠንበት፣ ዕቃና ቦታ ሊዘጋጅለት፣ ኃላፊ ሊመደብለት ይገባል። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን የአገራችን የማዋለጃ ክፍል ታሪክ ነው።

በቁጥር እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2005 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተከናወኑት 5 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ2011 ጥናት 10 ሆኑ። በ2016 ወደ 26 ከፍ አሉ። በ2019 ደግሞ 48 ደረሱ። በ14 ዓመት ውስጥ የታየ ትልቅ ለውጥ ነው። ለዚህ ለውጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት መዞር፣ የጤና ጣቢያዎች መስፋፋት፣ የአዋላጅ ነርሶች ቁጥር መጨመር፣ የአምቡላንስ መምጣት ሁሉም አስተዋጽኦ አድርገዋል። ነገር ግን ጤና ጣቢያ ተሠርቶ፣ አዋላጅ ተመድቦ፣ በሩ ክፍት ሆኖም የማይመጡ እናቶች ነበሩ። ቤታቸው ሩቅ ያልሆነ ሳይቀሩ እዚያው ጎጆአቸው ውስጥ ይወልዱ ነበር። ለምን?

እስቲ የሁለቱን ቦታዎች ሁኔታ ጎን ለጎን እንያቸው።

እቤት ስትወልድ ምጥ የያዛት ሴት ብቻዋን አይደለችም። እናቷ ወይም አማቷ ወገቧን ደግፋ ትይዛታለች። የልምድ አዋላጇ የምታውቃት ጎረቤቷ ናት። ቢያሰኛት ትንበረከካለች፣ ቢያሰኛት ትቆማለች፣ ጓዳ ለጓዳ ትንጎራደዳለች። እሳት ይነዳል፤ ቤቱ ሞቅ ያለ ነው። ሴቶቹ “ማርያም ማርያም” እያሉ ይለምኑላታል። ልጁ ሲወለድ እልልታው ይቀልጣል፤ ገንፎው ይገነፋል፣ ቡናው ይፈላል፣ “እንኳን ማርያም ማረችሽ” እየተባለ ጎረቤቱ ይሰበሰባል።

ወደ ጤና ተቋሙ ስትመጣስ? ቤተሰቧ ከበር ውጪ ይቀራል። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው። የማታውቀው ሰው፣ አንዳንዴም ብዙ ተማሪዎች፣ ሳያስፈቅዷት ገብተው ይመረምሯታል። መጋረጃ የለም። አልጋው ላይ ወጥታ በጀርባዋ እንድትተኛ ትታዘዛለች። ብትጮህ “ዝም በይ!” ትባላለች፤ አንዳንዴ ከዚያም የከፋ ስድብ ትሰማለች። ከወለደች በኋላ ትኩስ ነገር ሳትቀምስ ወደ ቤቷ ትሸኛለች። ይህን ያየች ሴት ለእህቷ፣ ለጎረቤቷ፣ ለዕድርተኛዋ ሁሉ ትናገራለች። የሰሙትም ይሸሻሉ።

ወገኖቼ፣ ይህ ሽሽት ሕይወት ያስከፍላል። ደም ቢፈስሳት የሚያቆምላት መድኃኒት ያለው ከሸሸችው ክፍል ውስጥ ነው። ምጡ ቢፋለስ የሚደርስላት ባለሙያ ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ በማዋለጃ ክፍል የተነገረ አንድ ክፉ ቃል የአንዲት ሴት ስሜት ተጎድቶ የሚያበቃ ጉዳይ አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት ነፍሰ ጡር የምትሆነውን ጎረቤቷንም ከሐኪም ያርቃታል።

(አጭር ሙዚቃ)

ታዲያ ምን ተደረገ? በየአካባቢው ያሉ የጤና ሠራተኞች እናቶችን ጠየቁ፤ መልሱንም ሥራ ላይ አዋሉት። በብዙ ጤና ጣቢያዎች የገንፎ ማዘጋጃ ክፍል ተለየ። ረከቦትና ጀበና ገባ። ማኅበረሰቡ ዱቄቱን፣ ቅቤውን፣ ቡናውን አዋጣ። የወለደችው እናት ገንፎዋን በልታ፣ ቡናዋ ተፈልቶላት፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ እንኳን ደስ አለሽ ብሏት ወደ ቤቷ መሄድ ጀመረች። ቤታቸው ለራቀ እናቶች ደግሞ የመውለጃ ቀናቸው ሲቃረብ የሚያርፉበት የእናቶች ማቆያ በጤና ጣቢያው ግቢ ተሠራ።

ይህ የማቆያ ሐሳብ በአገራችን አዲስ አልነበረም። በጉራጌ፣ ከወልቂጤ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ድረስ በሆስፒታሉ የወለዱ ከ24 ሺህ በላይ እናቶች መረጃ ተጠንቶ ነበር። በማቆያው አርፈው ከወለዱት መካከል የእናቶች ሞት ከ100 ሺህ ወደ 90 ሲሆን፣ ከቤታቸው በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን ከ1,300 በላይ ነበር። ልዩነቱን ሁሉ ማቆያው አመጣው ማለት አይቻልም፤ ከቤት በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጡ ከጠናባቸውና ከተጎዱ በኋላ የደረሱ ናቸውና። ግን ቁም ነገሩም እሱው ነው። ማቆያው የተሠራው እናቲቱ ሳትጎዳ እንድትደርስ ነው። ሆስፒታሉ “ለምን ዘገየሽ?” ብሎ ከመቆጣት ይልቅ፣ የመንገዷን ርቀት የራሱ ችግር አድርጎ ቆጠረው።

አበው “ከፍትፍቱ ፊቱ” ይላሉ። ለእንግዳ አቀባበል የምናውቀውን ይህን ጥበብ ጤና ተቋሙ ለራሱ ሲወስደው እናቶች መምጣት ጀመሩ።

አንዳንድ አድማጭ “ገንፎና ቡና ከሕክምና ጋር ምን አገናኘው?” ሊል ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገሩ የዘመድ አጠገብ መሆንና የመረጋጋት ጉዳይ ነው። የማሕፀን ቁርጠት የሚቀሰቀሰው ኦክሲቶሲን በተባለ ሆርሞን ነው። ሰው ሲፈራና ሲጨነቅ ደግሞ አድሬናሊን ይበዛል፤ ይህም የምጡን ሂደት ሊያዘገየው ይችላል። የምታምነው ሰው አጠገቧ ሆኖ እጇን የያዛት፣ “አይዞሽ” የተባለች ሴት ፍርሃቷ ይቀልላታል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የኮክሬን ድርጅት የጥናቶች ግምገማ፣ በ17 አገሮች ከ15 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች አንድ ላይ አይቶ ነበር። በምጥ ጊዜ ያልተቋረጠ ድጋፍ ያገኙ ሴቶች በራሳቸው ምጥ የመውለድ ዕድላቸው ከፍ ያለ፣ በቀዶ ሕክምና የመውለዳቸው ነገር ዝቅ ያለ፣ የምጣቸውም ጊዜ አጠር ያለ ሆኖ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 ባወጣው የወሊድ እንክብካቤ ምክረ ሐሳብ፣ እናት የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን፣ በአክብሮት እንድትስተናገድና የሚመቻትን አኳኋን እንድትመርጥ አሳስቧል። አያቶቻችን ወገብ ደግፈው ሲያዋልዱ ያደርጉት የነበረውን ነገር ሳይንሱ ደገፈው ማለት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ከማዋለጃ ክፍል ወጥተን ወደ ተመላላሽ ሕክምና ክፍል እንሂድ።

አንድ አዛውንት ከገጠር መጥተዋል እንበል። ሌሊት ተነሥተው፣ ካርድ አውጥተው፣ ረፋዱን ሙሉ ወረፋ ጠብቀው ገቡ። ሐኪሙ ቀና ሳይል “ምንዎን ነው ያመመዎ?” አለ። “ወገቤን ነው ልጄ…” ብለው ገና ሲጀምሩ “ከመቼ ጀምሮ? ይቆረጥምዎታል? ወደ እግር ይወርዳል?” እያለ ጥያቄውን አከታተለ። የሕመም ማስታገሻ ጽፎ ወረቀቱን ሰጣቸው። አዛውንቱ ተነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ሽንቴም ደም ይመስላል…” አሉ። የመጡበት ዋናው ጉዳይ ይህ ነበር። ነገሩ የሚያሳፍር መስሏቸው በወገባቸው ጀመሩ። ሐኪሙ ቀጣዩን ታካሚ ጠርቶ ስለነበር አልሰማቸውም።

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ሲባል ጥፋቱን ለታካሚው ብቻ እንሰጠዋለን። አንዳንዴ ግን የሚያስደብቀው የእኛው አጠያየቅ ነው።

ሐኪሞች ታካሚን ሳያቋርጡ የሚያዳምጡት ለምን ያህል ጊዜ ነው? እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ የታተመ አንድ ታዋቂ ጥናት ሐኪሞች ታካሚው መናገር በጀመረ በአማካይ በ18 ሴኮንድ ውስጥ እንደሚያቋርጡት አሳየ። ሐኪሞቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ “ካላቋረጥነው ሰዓቱን ሁሉ ይጨርስብናል” ብለው ስለሚሰጉ ነው። ይህን ስጋት በ2002 በስዊዘርላንድ፣ በባዝል ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የተሠራ ጥናት ፈተነው። ሐኪሞቹ ታካሚው ራሱ እስኪጨርስ ዝም ብለው እንዲያዳምጡ ተነገራቸው፤ ጊዜውም በድብቅ ተለካ። ከ335 ታካሚዎች የተገኘው አማካይ 92 ሴኮንድ ነበር። ከ100 ታካሚዎች 78ቱ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨርሰዋል። የእኛ አገር ወረፋ ከስዊዘርላንድ ይለያል፤ የታካሚው ብዛት አይገናኝም። ቢሆንም ስጋታችን ከእውነታው በብዙ እንደሚበልጥ ጥናቱ ያሳየናል። አንድ ደቂቃ ተኩል አዳምጦ ሲያበቃ “አባቴ፣ ሌላስ የሚሉኝ ነገር አለ?” ብሎ መጠየቅ አዛውንቱን ከበሩ ላይ ይመልሳቸው ነበር።

በአገራችን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አማርኛ የማይናገር ታካሚ ብዙ ነው። ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሲዳምኛ ወይም አፋርኛ የሚናገር ታካሚ ሲመጣ፣ ተርጓሚ የሚሆነው በአጋጣሚ የተገኘ ሰው ነው፤ ጥበቃው ወይም ወረፋ ላይ ያለ ሌላ ሕመምተኛ። አንዲት ሴት የማሕፀን ሕመሟን በማታውቀው ወንድ በኩል እንዴት ትናገር? የአካባቢውን ቋንቋዎች የሚችሉ ሠራተኞችን አስቀድሞ ለይቶ፣ ሚስጥር ስለመጠበቅ አሰልጥኖ በተራ መመደብ ለአንድ ሆስፒታል ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም።

(አጭር ሙዚቃ)

ታካሚን ያስቀደመ ተቋም ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። አዲስ አበባ ያለውን የሐምሊን ፌስቱላ ሆስፒታል እናንሣ።

ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ከአውስትራሊያ ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ መጡ። የፌስቱላ ሆስፒታሉ የተከፈተው በ1974 ነው። ፌስቱላ ምጥ ለቀናት ሲራዘም የሚመጣ ጉዳት ነው። የሕፃኑ ጭንቅላት የፊኛንና የብልትን ሥጋ ከአጥንት ጋር ተጭኖ ደም ያሳጣዋል፤ ሥጋው ሞቶ ይበሳል፤ ከዚያ በኋላ ሽንት ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ብዙዎቹ ሴቶች ልጃቸውም ሞቶባቸዋል። ባል ይፈታቸዋል፣ ጎረቤት ይርቃቸዋል፣ አውቶቡስ ላይ የሚያስቀምጣቸው ያጣሉ።

እነዚህን ሴቶች ሆስፒታሉ ሲቀበላቸው አፍንጫውን የሚይዝ ሰው አልነበረም። ለዚህ አንዱ ምክንያት በክፍሉ ካሉት ረዳት ነርሶች ብዙዎቹ ራሳቸው የቀድሞ ታካሚዎች መሆናቸው ነው። አዲስ የመጣችዋን ሴት የምታጥባት፣ አልጋዋን የምታነጥፍላት “እኔም እንዳንቺ ነበርኩ” ልትላት የምትችል ሴት ናት። ታክማ ስትድን ደግሞ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ወደ አገሯ ትሸኛለች።

ከእነዚህ ታካሚዎች አንዷ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ለቀናት አምጠው፣ ልጃቸውን አጥተው፣ በፌስቱላ ተጎድተው ወደ ሐምሊኖች መጡ። ሲሻላቸው አልጋ በማንጠፍ መርዳት ጀመሩ። ቀጥሎ በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ ማቀበል ያዙ። እያዩ፣ እየተማሩ፣ መደበኛ ትምህርት ቤት ሳይገቡ፣ ራሳቸው የፌስቱላ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ ሆኑ፤ ከሌላ አገር የሚመጡ ሐኪሞችንም አሰለጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1989 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የቀዶ ሕክምና ኮሌጅ ከሐምሊኖች ጋር አብሮ ሸለማቸው። ዶክተር ካትሪን በ2020 እዚሁ አዲስ አበባ እስኪያርፉ ድረስ ሕይወታቸውን ለዚሁ ሥራ ሰጡ።

ከዚህ የምንማረው ታካሚ ዕውቀት ያለው ሰው መሆኑን ነው። ፌስቱላ ምን እንደሚያደርግ ከተጎዳችው ሴት በላይ የሚያውቅ የለም። ሆስፒታሉ ይህን ዕውቀት ቦታና ደመወዝ ሰጥቶ አሠራበት። ሌሎች ተቋማትም የስኳር፣ የኩላሊት፣ የካንሰር ታካሚዎቻቸውን “ምን ቢሻሻል ይሻላል?” ብለው በስብሰባቸው ላይ ቢያስቀምጧቸው፣ ካርድ ክፍሉ የት ጋ እንደሚያስቸግር፣ የትኛው ቃል እንደሚያስፈራ በአንድ ጠዋት ይማራሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

ጤና ሚኒስቴር ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከአራቱ ዋና አጀንዳዎች አንዱ አድርጎት ነበር። ብዙ ባለሙያ ሥልጠና ወስዷል፤ በየግድግዳው ተለጥፏል። ይህ በጎ ጅምር ነው። ነገር ግን የሠለጠነው ባለሙያ ወደ ክፍሉ ሲመለስ መጋረጃ ከሌለው፣ ጓንት ካለቀበት፣ ዲዩቲው ሌሊቱን አልፎ ወደ ቀጣዩ ቀን ከተሻገረ፣ አለቃውም በታካሚ ፊት የሚያዋርደው ከሆነ፣ የተማረው የት ይበቅላል? የደከመና የተዋረደ ሰው ለሌላው የሚሰጠው ትዕግሥት ያልቅበታል። ስለዚህ በኃላፊነት ላይ ያላችሁ ሁሉ፣ ነገሩ ከእናንተ ይጀምራል። ጥበቃውን፣ የጽዳት ሠራተኛዋን፣ ካርድ ክፍሉን በሥልጠናው አስገቡ፤ ታካሚ በቅድሚያ የሚያገኘው እነሱን ነው። ሕፃን ሞቶባት ያደረች አዋላጅ ነርስ ጠዋት ላይ “እንዴት አደርሽ? ሌሊቱ ከብዶሽ ነበር?” የሚላት ሰው ትሻለች። ጥፋት የተገኘበትን ገሥጹ፤ የመሳደብና የመማታት ነገር በዝምታ አይታለፍ። በሚገባ የሚሠራውንም በስሙ ጠርታችሁ አመስግኑ።

ባለሙያዎች ሆይ፣ ለእናንተ የምጠይቀው ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። አንደኛ፣ ስማችሁን ተናገሩ። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ኬት ግሬንጀር ካንሰር ይዟቸው ሆስፒታል በተኙበት ጊዜ፣ ብዙዎቹ ባለሙያዎች ስማቸውን ሳይነግሯቸው እንደሚነኳቸው አስተዋሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 “ሰላም፣ ስሜ እገሌ ነው” የሚል ዘመቻ ጀመሩ፤ በ2016 በሞት ሲለዩ ዘመቻው በመላ አገራቸው ሆስፒታሎች ተስፋፍቶ ነበር። ሁለተኛ፣ ከመንካታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ የምታደርጉትንም ንገሩ። “አሁን ሆድሽን ልዳስስሽ ነው፤ ካመመሽ ንገሪኝ” ለማለት አምስት ሴኮንድ አይፈጅም። ሦስተኛ፣ ታካሚውን በአልጋ ቁጥሩ ወይም በበሽታው አትጥሩት፤ በስሙ፣ እንደ ዕድሜውም አባቴ፣ እናቴ፣ ወንድሜ፣ እህቴ በሉት። አራተኛ፣ መድኃኒቱን ስታዝዙ “እስቲ እንዴት እንደሚወስዱት መልሰው ይንገሩኝ” በሉ። ብዙ ሰው ያልገባውን “ገብቶኛል” የሚለው አክብሯችሁ ነው።

ለእናንተም፣ ታካሚዎችና አስታማሚዎች፣ መልእክት አለኝ። ወደ ሐኪም ስትሄዱ የሚያሳስባችሁን ዋናውን ነገር በመጀመሪያ ተናገሩ፤ አትፈሩ፣ ሐኪም የሚያፍርበት ሕመም የለም። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ አትደብቁ። “ሕመሜ ምንድን ነው? ምን ላድርግ? ምን ቢብስብኝ ልመለስ?” ብላችሁ ጠይቁ። ለሕክምናችሁ ፈቃዳችሁን መጠየቅና ሚስጥራችሁ መጠበቅ በአገሪቱ ሕግም የተደገፈ መብታችሁ ነው። ቅር ከተሰኛችሁ በየተቋሙ ወዳለው ቅሬታ ሰሚ ሂዱ፤ ቀኑን፣ ክፍሉን፣ የሆነውን ነገር በግልጽ አስመዝግቡ። ባለሙያዎቹም ሰዎች ናቸውና ስድብና ዛቻ አይገባቸውም። በሚገባ ያስተናገዳችሁን አስተያየት መስጫው ላይ ስሙን ጽፋችሁ አመስግኑ፤ ክፉው ብቻ የሚወራ ከሆነ ደጉ ይታክታል።

ውድ አድማጮች፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ከ100 ወሊዶች 95ቱ ከጤና ተቋም ውጪ መሆናቸው እናቶቻችን ሕክምና ስለጠሉ አልነበረም። የተከበሩበት ቦታ ሲያገኙ መጥተዋል። በ2019 ጥናት ያልመጡት 52ቱ ደግሞ ገና ይጠብቁናል። ለአንዳንዶቹ መንገድ፣ ለአንዳንዶቹ አምቡላንስ ያስፈልጋል። ለሌሎቹ ግን የሚያስፈልገው መጋረጃ፣ አንድ ዘመድ የሚቀመጥበት ወንበርና “አይዞሽ” የሚል አንደበት ነው። ይህን ለማዘጋጀት የሚቀጥለውን በጀት ዓመት መጠበቅ የለብንም።

በሚቀጥለው ሳምንት ዝግጅታችን ከሆስፒታል የወጣ ሕመምተኛን በቤት ውስጥ እንዴት እንደምናስታምም እንመለከታለን። እስከዚያው በያላችሁበት ጤና ሁኑ፤ ደህና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)